ያላየሁትን አበባ ቢጫ ቀባሁት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ደሴ ፒያሳ ውስጥ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ እሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱ አልፏል፣ ብዙውንም ረስቼዋለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። ሰሞኑን ደግሞ የእህቴ ልጅ አጥራችን ሥር የበቀለ አንድ ቅጠል በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ ስልኩ ወዲያው ስሙን ሲነግራት አየሁ። "አየሽ አክስቴ፣ ፎቶ አይቶ ያውቃል" አለችኝ በኩራት። እኔ ደግሞ ሳላስበው "ቀለሙን ማን ነገረው?" አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ያን ቀን ቁጭ አድርጌ የነገርኳትን ነው አሁን ለእናንተ የምጽፈው።

በዚያን ጊዜ እኛ ጋ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም የፈለገ ሰው በእጅ ይቀባለታል፤ ቀቢዋም እኔ ነበርኩ። የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ እጠቀልላለሁ፤ ከትንሽ ቱቦ የወጣ የዘይት ቀለም ነካ አደርግና ጉንጩን ቀላ፣ ሻሹን አረንጓዴ፣ ጉትቻውን ወርቅማ አደርገዋለሁ። ራሷን አመሰገነች አትበሉኝና እጄ ጥሩ ነበር። ከሐይቅና ከወረኢሉ ድረስ "ያች ልጅ ትቀባልኝ" እያሉ የሚመጡ ሴቶች ነበሩ። አንዳንዷማ አንገቷ ላይ የሌለ ሐብል ጨምሪልኝ ትለኛለች። እጨምርላታለሁ፤ ምን ቸገረኝ!

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተሰማ ግን አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። ሰውየው ከመቀመጫው ሳይነሳ የልብሱ ቀለም ይጠየቃል፤ ፎቶው ሲታተም ከጀርባው በእርሳስ ይጻፋል፦ "ሻሽ ቀይ፣ ጥለት ሰማያዊ፣ ኮት ቡና ዓይነት።" ደንቡ የወጣው በእኔ ጥፋት ነው። በጀመርኩ ሰሞን ባሏን ገና የቀበረች ሴት ጥቁር ሻሽ አስራ ተነሳች፤ እኔ ደማቅ ቀይ ቀባሁላት። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀይና ጥቁር ያው ነው፣ ዓይን አይለየውም። የሟች ወንድሞች ፎቶውን ይዘው መጥተው "ሐዘኗን የጨረሰችው መቼ ነው?" ብለው ሲጮኹ ፒያሳ ሙሉ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ተሰማ "ያላየሽውን አትቀቢ፤ ጠይቂ፣ ጻፊ" ሲሉኝ ይውላሉ።

ይማም የመጣው መስከረም ውስጥ ነው። የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ ኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎችን መንደር ለመንደር እየዞረ ያማክራል። ረጅምና ቀጭን፣ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የያዘ ወጣት። ጋሽ ተሰማ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥለው ወለሉን አዩ። እሱ አላስተዋለም። የፊልም ጥቅልሉን በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ።

"በጥንቃቄ እጠቡልኝ፤ ያነሳሁት ሰው አይደለም" አለ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እሱን ባውቅ ኖሮ ፎቶ ምን ያደርግልኝ ነበር?"

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ኮምቦልቻ አጠገብ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ማንም የማያውቀው አረም መብቀል ጀምሯል። ሽማግሌዎቹ አይተውት አያውቁም፣ ስምም አላወጡለትም። እሱም ሲማር አላየውም፤ ባሉት መጻሕፍት ውስጥም የለም። አንድ ጊዜ ቅጠሉን ቆርጦ በፖስታ ወደ አዲስ አበባ ልኮት ነበር፤ ሻግቶ ደረሰ። ስለዚህ አሁን ፎቶውን ልኮ፣ የሚያውቁ ሰዎች አይተው ስሙን እንዲነግሩት ሊጠይቅ ነው።

"ስሙ ምን ይሠራል?" አልኩት። ከተሜ አይደለሁ!

"ዘንድሮ ዝናቡ በነሐሴ ቆመባቸው" አለኝ። "ሣሩ አልቋል። አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ለከብት ይሆናል ወይስ ይጎዳል? እሱን ነው የሚጠይቁኝ። እማማ ዘይነባ የሚባሉ ሴት አሉ። ያለቻቸው አንዲት ላም ናት፤ የሚኖሩት በእሷ ወተት ነው። ባገኙኝ ቁጥር 'ወረቀትህ መጣ ወይ?' ይሉኛል። ምን ልበላቸው?"

ፊልሙን አጠብነው። ሦስት ፎቶ ጥሩ ሆኖ ወጣ። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ ነው፤ አበባው ትንንሽና ብዙ። በአንደኛው ፎቶ ላይ ግንዱን የያዘ የአሮጊት እጅ ይታያል፣ የእማማ ዘይነባ ነው አለኝ፤ ጣቱ ላይ የብር ቀለበት አለበት። ይማም ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አዘዘ፤ አንዱ ለእሱ መዝገብ፣ ሌላው ለአዲስ አበባ። ቅዳሜ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር መጥቶ እንደሚወስደው ነግሮኝ ወደ ገጠሩ ተመለሰ።

አርብ ከሰዓት ሰው ጁምዓ ላይ ስለነበር ፒያሳ ጭር ብሏል። ጋሽ ተሰማም ምሳ ሄደዋል። እኔ ሥራ ፈትቼ የአረሙን ፎቶዎች እመለከታለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይሞቀኛል። እውነቱን ልናገር፤ ይማምን ወድጄው ነበር። እሱ አያውቅም፣ ማንም አያውቅም። አሁን ስልሳን ካለፍኩ በኋላ ብናገረው ምን አለብኝ? ለዚያ ሰው አንድ ጥሩ ነገር ላድርግለት አልኩ። አዲስ አበባ የሚሄደው ፎቶ ደብዝዞ ከሚሄድ አምሮ ቢሄድስ? ሳልጠየቅ፣ ሳላስከፍል፣ ቀለሞቼን አውጥቼ ተቀመጥኩ።

ቅጠሉ አላስቸገረኝም፤ አረንጓዴ ነው። የእጁን ቆዳ ቀባሁ፣ ቀለበቱንም የብር መልክ ሰጠሁት። አበባው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ፎቶው ላይ ፈዛዛ ነው፤ ነጭም ቢሆን ቢጫም ቢሆን እንደዚያው ነው የሚወጣው። የምጠይቀው ሰው የለም። ቀና ብዬ በበሩ ስመለከት የጦሳ ተራራ ወገብ በአደይ ቢጫ ሆኗል። በመስከረም የሚያብብ አረም ሌላ ምን ሊሆን ነው? በማለት ሦስቱንም ቢጫ አደረግኋቸው። የሚያማምሩ ሆኑ። ጀርባቸው ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ ለአረም ማን ይጽፋል?

ቅዳሜ ሾፌሩ መጣ። ለይማም ያልተቀባውን፣ ለአዲስ አበባ የተቀባውን፣ ለየብቻ ፖስታ ውስጥ አድርጌ አሸግሁና ሰጠሁት። ይማም የተቀባውን አላየውም።

ሁለት ወር ገደማ አለፈ። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ይማም ፊቱ በርቶ ገባ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"መልሱ መጣ!" አለ፣ ከኪሱ ደብዳቤ እያወጣ። አነበበልን። የአረሙ ስም በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። ጉዳት እንደሌለው፣ ታጭዶም ለከብት ሊሰጥ እንደሚችል ይላል፣ ማኅተም አለበት። "ዛሬ ጠዋት ገበሬዎቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። እማማ ዘይነባ እጄን ይዘው መረቁኝ። ወዲያው ማጭዳቸውን ይዘው ወጡ።"

ጋሽ ተሰማ እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ይማም ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺም ደክመሽበታል። ፎቶውን እንጂ እሱን ራሱን አላየሽውም ብዬ ይዤልሽ መጣሁ" አለና የማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። በገጾቹ መካከል አንድ ቅርንጫፍ ተኝቷል።

አበባው ነጭ ነበር። ትንንሽ፣ እንደ ተፈረከሰ ስንዴ ያለ ነጭ።

"ደርቆ ነው የነጣው?" አልኩት።

"ኧረ ዛሬ ጠዋት የቀጠፍኩት ነው። እንዲሁ ነው፣ ነጭ ነው። ምነው?"

"ምንም" አልኩት።

"ምንም" ያልኩት እኔ ነኝ። ይማም አመስግኖን፣ ቅርንጫፉን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ወጣ። ከኋላው ሮጬ ልጠራው እችል ነበር። አልጠራሁትም።

ጋሽ ተሰማ ፊቴን አይተው ምን ሆነሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። ተነስተው በሩን ገርበብ አደረጉትና አጠገቤ ተቀመጡ።

"ስሚ ልጄ፣ ይህ ወሬ ከዚህ በር እንዳይወጣ" አሉኝ በሹክሹክታ። "አሻጥር ይሉናል። የመንግሥት ሥራ ለማበላሸት ሆን ብለው ነው ቢሉ ምን እንመልሳለን? ላሳምረው ብዬ ነው ልትያቸው ነው?"

ጋሽ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚፈሩት የሚያስፈራ ነገር ስለነበረ ነው። በዚያው ዓመት የሰፈራችን የኅብረት ሱቅ ሻጭ፣ ስኳሩ ዝናብ ገብቶበት ስለረጠበ ብቻ አሻጥረኛ ተብሎ ስድስት ወር ታስሮ ወጥቷል። ከወጣ በኋላ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ይደነግጥ ነበር። እኔም እሱን እያሰብኩ አፌን ይዤ ዋልኩ። የመጣውን ሰው ሁሉ "ሻሹ ምን ቀለም ነው?" እያልኩ እጠይቃለሁ፤ የሚመልሱልኝን አልሰማም።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፎቶው ላይ ያለው እጅ ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው፤ ያ ቀለበት ያለበት። እኔ የማላውቃቸው ሴትዮ በእኔ ቀለም ላማቸውን ሊያጡ ነው። ሲነጋ ለእናቴ ሥራ ገባሁ ብዬ ወጣሁና ለሙከራ ታትመው እጄ ላይ የቀሩትን ያልተቀቡ ፎቶዎች ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ኬላው ላይ ወታደሩ ለምን እንደምሄድ ሲጠይቀኝ "አክስቴ ታማብኝ" አልኩ። ያን ሰሞን መዋሸት ቀላል ሆኖልኝ ነበር።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ እንደወትሮው አላዞረኝም፤ ለካ ሰው ሲጨነቅ ጠመዝማዛውም አይታወቀውም። ኮምቦልቻ ደርሼ ይማምን መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁ። ሌላ ቀበሌ ሄዷል፣ ከሰዓት ይመለሳል አሉኝ። ከሰዓት ድረስ መጠበቅ አልቻልኩም። የእማማ ዘይነባን መንደር ጠይቄ በእግሬ ጉዞ ጀመርኩ። ከከተማው ወጣ እንዳልኩ መንገዱ ዳር አየሁት። ያ አረም ግራና ቀኝ በቅሏል፤ ሁሉም ነጭ ነው። አንድ እንኳ ቢጫ የለም። እዚያው መንገድ ላይ እያለቀስኩ ፈጠን ፈጠን ማለት ጀመርኩ።

ቤታቸው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ግቢው በር ላይ የታጨደ አረም ተከምሯል። ከበረቱ አጠገብ አንዲት ቀጭን አሮጊት አጎንብሰው በጣሳ ውሃ አረሙ ላይ ይረጫሉ። ዳለቻ ላም ፊት ለፊታቸው ታስራ ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዙራለች። ከአፏ ለሀጭ ይንጠባጠባል። የሴትዮዋን እጅ አየሁ። ቀለበቱ አለ፤ ጣቱ ግን አብጦ ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ሽፍ ብሏል።

"እማማ፣ አያብሏት!" ብዬ ጮህኩ። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

ቀና አሉ። "አሰላሙ አለይኩም ማለት የለም እንዴ፣ የኔ ሸጋ? የማን ልጅ ነሽ?"

"ከደሴ ነው የመጣሁት። ከፎቶ ቤት። እባክዎ ያንን አይስጧት።"

"እሷስ መች በላች ብለሽ!" አሉ ጣሳውን እያሳዩኝ። "ትላንት እንቢ አለችኝ። ጨው በውሃ አሟሙቼ ስረጭበት ጊዜ ሁለቴ በላችልኝ። ዛሬ ጠዋት ባልባት ወተቷ መረረ፣ ሬት ሆነ። ደፋሁት። እንዴት ይሆናል? ያ ልጅ ደግ ነው ብሎኛል፤ ወረቀቱን በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ።"

እዚያው መሬት ላይ ተንበረከክሁ። እግራቸውን ልይዝ ስል ሸሹኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፎቶውን፣ ቀለሙን፣ ትላንት ዝም ማለቴን። ምን እንደምል በደንብ የገባቸው አልመሰለኝምና ያልተቀባውን ፎቶ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

እማማ ዘይነባ ፎቶውን ተቀብለው አየት አደረጉት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ደግመው አሸተቱት። ገልብጠው ጀርባውንም አሸተቱት።

"ይኼ ሽታ የለው" አሉኝ። "እነዚያ አዋቂዎቹ ይኼን አይተው ነው ያወቁት?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ያረቢ!" አሉና ጣሳውን አስቀመጡ። "እኛ ቅጠል አሽተን፣ አሽትተን ነው 'ይኼ ደግ፣ ይኼ ክፉ' የምንል። የዚህን ሽታ እኔ የመጀመሪያ ቀን አውቄዋለሁ፤ ክፉ ነው። ግና ማን ጠየቀኝ? ወረቀት መጣ ሲሉኝ አፍንጫዬን ተውኩት።" ወደ ላሚቱ ዞረው አንገቷን ዳበሷት። "እሷም አውቃለች። በጨው ያታለልኳት እኔ ነኝ።"

ይህን ሲሉ እንባዬ ጨርሶ አልቆም አለ። እሳቸው ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበራቸውም። አጥሩ ዳር ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ። "ኧረ ጎረቤት! ያን አረም እንዳታበሉ! የበላ ከብት ካለ ተልባ አጠጡ!" ድምፃቸው ከእዚያ ቀጭን ሰውነት ይወጣል አይባልም። ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ጩኸቱ ሲተላለፍ እሰማለሁ። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤት አንድ እቅፍ የጤፍ ጭድ ይዞ መጣ። ተልባ በጠበጡ። እኔ አፏን እንድይዝ ታዘዝኩ፤ በሕይወቴ ላም ነክቼ አላውቅም ነበር። ያዝኳት፣ እሳቸው አጠጧት። ከዚያ ያጨዱትን አረም እኔ በእንጨት እየገፋሁ ከግቢው አስወጣሁ፤ በእጄ እንዳልነካው ከለከሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ይማም ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። እኔን እዚያ ሲያየኝ ቆመ። ለሁለተኛ ጊዜ ጥፋቴን ተናገርኩ።

"ሦስቱንም ነው የቀባሽው?" አለኝ።

"ሦስቱንም።"

"ትላንት ደርቆ ነው የነጣው ብለሽ ስትጠይቂኝ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "እኔ እኮ ለነዚህ ሰዎች ወላሂ ብዬ ነው የነገርኳቸው" አለ፣ ወደ እኔም ሳያይ። "ከአሁን በኋላ ማን ያምነኛል?"

ያን ጊዜ እማማ ዘይነባ ጣልቃ ገቡ። "አንተ ልጅ፣ እሷን ተዋት። ኸደሴ ድረስ እያለቀሰች መጥታለች። አንተስ ብትሆን የጠየቅኸው ወረቀቱን ነው፣ እኔን አይደለም። አንተም አጠፋህ፣ እሷም አጠፋች፣ እኔም አጠፋሁ። ላሟ ብቻ ናት ያላጠፋች። በሉ ተነሱና ውሃ ቅዱልኝ፤ እጄ እንደምታዩት ነው።"

ተነሳን፤ ውሃ ቀዳን። ከምንጩ ስንመለስ ለአዲስ አበባ እንደገና መጻፍ እንዳለበት ነገረኝ። ስሜን ጻፍ አልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የመጣው ይምጣ አልኩት። አላመነታሁም፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈራኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ መንገዱን እያየ "በፎቶው ላይ የቀለም ስሕተት ተፈጥሯል ብዬ እጽፋለሁ። ማን እንደቀባው ማን ይጠይቀኛል?" አለኝ።

ጠየቁት። ከወር በኋላ ሁለተኛው መልስ መጣ፤ የመጀመሪያው መልስ የተሰጠው በአበባው ቢጫነት እንደነበር፣ አረሙ ግን ሌላና ለከብትም ለሰውም ጎጂ እንደሆነ ይገልጻል። አለቆቹ ቀለሙን ማን እንዳበላሸው ሲጠይቁት "አላጣራሁም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ይህን የሰማሁት ከሾፌሩ ነው፤ ይማም ራሱ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። በሁለተኛው ዓመት ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ሊሰናበተን ፎቶ ቤት መጥቶ ቆሞ ጥቂት አወራን፤ ልናገረው የፈለግሁትን ሳልናገር ሄደ። የት እንዳለ አላውቅም። ካለ፣ ይህንንም ካነበበ፣ አመሰግናለሁ ልበለው።

ያ አረም ዛሬ ስም አለው። አበባው ቅንጬ ስለሚመስል ቅንጬ አረም ይሉታል፤ እኛ አገር የማያውቀውና የማይጠላው ገበሬ የለም።

አሁን ግን ከሁሉም በላይ ከአእምሮዬ የማይጠፋውን ልንገራችሁ። እማማ ዘይነባ ቤት በሄድኩ በአሥረኛው ወይም በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ፎቶ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ የገበያ ቀን ነበር። እኔ አንዲት ሙሽራ እየቀባሁ ነው። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። ጋሽ ተሰማ "ይግቡ እናቴ፣ ፎቶ ሊነሱ ነው?" አሏቸው።

"ኧረ ወዲያ፣ ምን ፎቶ! ያች ልጅ የታለች?"

ድምፁን ሳውቀው ከወንበሬ ተነሳሁ። ላሟ ሞተች ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ። እማማ ዘይነባ በሰው መካከል አልፈው መጡና ነጠላውን ፈቱት። በክዳን ፋንታ ጨርቅ የተወተፈበት ጠርሙስ ነው። ውስጡ ወተት አለ።

"ጠጪ" አሉኝ።

"እማማ..."

"ጠጪ አልኩሽ!"

ተቀብዬ አፌ ላይ አደረግሁት። ሬት የሆነው ያ ወተት ትዝ ብሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ተጎነጨሁ። ጣፋጭ ነበር። ለብ ያለ፣ ቅባቱ ከንፈር ላይ የሚቀር፣ ጣፋጭ ወተት።

"መርዙ ለቀቃት" አሉኝ እማማ ዘይነባ፣ አብጦና ሽፍ ብሎ በነበረው፣ አሁን በዳነው እጃቸው ጉንጬን እየዳበሱ። "ዳለቻ ድናለች፣ አልሀምዱሊላህ። አንች እንቅልፍ አጥተሽ እንዳይሆን ብዬ ነው የመጣሁ። በቃ፣ አብሽሪ።"

ደንበኛው ሁሉ እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጋሽ ተሰማ ነገሩ ገብቷቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ወንበር አቀረቡላቸው። እሳቸው አልተቀመጡም። አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው ጠርሙሱን ጨርሼ እንድመልስላቸው ብቻ ጠየቁኝ። ጨረስኩላቸው። ባዶውን ጠርሙስ በነጠላቸው መልሰው ጠቅልለው ወጡ።

በዚያ ሣር ባልነበረበት ዓመት ያ ጠርሙስ የስንት ቀን ቀለባቸው እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እየተመላለስኩ ስጠይቃቸው፣ ከጎረቤታቸው አፍ። እማማ ዘይነባ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በቀባሁት ቀለም ዛሬም አፍራለሁ፤ ዝም ባልኩባት በዚያች አንድ ቀን ደግሞ የበለጠ አፍራለሁ። እሳቸው ግን ይቅር ሊሉኝ እኔ እስክመጣ አልጠበቁም። ሐረጎን ወጥተው፣ ቀለባቸውን አቅፈው፣ ያለሁበት ድረስ መጡልኝ።